ሰፈሯ ያልመረጣት ሴት

ትብለጥ አራጋው የቀበሌ ምርጫ በተሸነፈች በወሩ ለአገር ፕሬዝዳንትነት እንድትወዳደር ተጠየቀች። ጥያቄውን ይዛ የመጣችው ሄርሜላ የምትባል የፓርቲ አማካሪ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ በአካሏ መምጣቷ ራሱ የነገሩን ክብደት ይናገራል። በ2079 ዓ.ም. ሰው የሰው ቤት በአካሉ የሚሄደው ወይ ሊጣላ ነው፣ ወይ የሚለምነው ብርቱ ነገር አለው። ለቀረው ሁሉ በባለቤቱ ፊትና ድምፅ ሰሌዳ ላይ የሚናገር ወኪል አለ።

በሩ ሲንኳኳ የትብለጥ ባል ይመር ግራ ገባው። እንግዳ የሚመጣው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ በኩል ነው፤ በበር የመጣ ሰው ካየ ቆይቷል። ከፍቶ ሲያይ አንዲት ቀጭን ልጅ ጫማዋ በክረምት ጭቃ ተለውሶ ቆማለች። "ግቢ ልጄ" አለና ፎጣ አመጣላት።

ይመር ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ሾፌር ይባል እንጂ መሪ አዙሮ አያውቅም። አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፤ ይመር የተቀጠረው ተሳፋሪ ፊት ለፊት ሰው ካላየ ሆዱ አይረጋም ተብሎ ነው። እንዲሁ ከወልዲያ ኮምቦልቻ ሲመላለስ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገድ ሲያይ አርጅቷል። ሥራው ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር ቶሎ አለመደንገጥን ነው። ልጅቷ የመጣችበትን ስትናገር ግን ሳቁ አመለጠው። ቀበሌ ያልመረጣት ሴት ለአገር? ትብለጥ ዞር ብላ አየችው፤ ሳቁን ዋጠ።

ሽንፈቱ ገና አልሻረም ነበር። ትብለጥ ለቀበሌ ምክር ቤት የተወዳደረችው ከቆርቆሮ ነጋዴው ከእንድሪስ ጋር ነው። እንድሪስ ደግ ሰው ነው፤ ብቻ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። ሰፈሩ እሱን መረጠ። በጠባብ ልዩነት ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የሩቅ የቅርብ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሲታመሙ ያስታመመቻቸው፣ ልጆቻቸውን የዳረችላቸው ሳይቀሩ እንድሪስን መረጡ። የዚያን ቀን ትብለጥ ቤቷ ገብታ ድስት ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ይመር ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ። ጨርቅ ይዞ ድስቱን ያደርቅላት ጀመር።

ለምን እንደጠሏት ለመገመት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ትብለጥ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ናት። ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚያስነፋው፣ ድንኳን የሚያስተክለው፣ ቀባሪ የሚያሰባስበው ቅሬው ነው፤ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ዓለም ሁሉ ለቅሶውን በወኪል ሲደርስ እሷ "ወኪል ቀሪ ነው" የሚል ደንብ አወጣች። ወኪልህ ድንኳን ውስጥ ወንበር ይዞ፣ በአንተ ፊት በአንተ ድምፅ ሲያለቅስ ቢውልም አንተ ቀርተሃል፤ ትቀጣለህ። ሰዉ ቅጣቱን እየከፈለ ወኪሉን መላኩን ቀጠለ፤ እሷም መቅጣቷን ቀጠለች።

በዚያ ላይ አመሏ ነው፤ የሰው ቤት ገብታ ያየችውን ሳትናገር አትወጣም። ልጅሽ ከስቷል፣ አጥርህ የወንድምህ ይዞታ ውስጥ ገብቷል፣ እናትህን ከጠየቅህ ስንት ጊዜህ ነው ትላለች። እውነቷን ስለሆነ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። ሕጉ የቀበሌ ተመራጭ የቅሬ ዳኛ እንዲሆን አይፈቅድም። ብታሸንፍ ኖሮ ዳኝነቱን ታስረክብ ነበር፣ ከቅጣቷም ከምላሷም ይገላገሉ ነበር፤ ይህ እንኳ አላጓጓቸውም ብላ ነበር ትብለጥ በጣም የምታዝነው።

ሄርሜላ ይዛ የመጣችው ሌላ ወሬ ነው። ሁሉም ዜጋ ሲወለድ የሚመዘገብለት ወኪል አለው። ትብለጥ የራሷን ተጠቅማበት ስለማታውቅ እስካሁን እንዲሁ ተቀምጦ ነበር። ፓርቲው አንስቶ ሞከረው። ሳያስፈቅዱ መሞከራቸውን ስትናገር ልጅቷ ትንሽ አፈር አለች። አመሉን አለዘቡት፣ ከዚያም በየክልሉ ጥቂት ጥቂት ቤቶች ላኩት፤ የተገኘው ውጤት ቢሮውን ሁሉ አስደነቀ።

"ከዚህ ቤት በራቁ ቁጥር ይወደዳሉ" አለች ሄርሜላ። "ኮምቦልቻ ይሻላል። አዲስ አበባ ያሸንፋሉ። ጋምቤላና ሞያሌማ ሰው ከወኪልዎ ጋር አውርቶ ያለቅሳል። የሚያውቁዎት አይመርጡዎትም፤ የማያውቁዎት ይመርጡዎታል። የማያውቁዎት ደግሞ ይበዛሉ።"

ይህ ስድብ ይሁን ምስጋና ይመር መለየት አቃተው። ትብለጥ ሞያሌ ምን ያህል ሰው እንደሚኖር ጠየቀች። ይመር ያን ጊዜ ገባው። ፈልጋለች። ከልቧ ፈልጋለች።

ሄርሜላ ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። እስከ ምርጫው ቀን ትብለጥ ከቤት አትወጣም፣ ሰው ፊት አትናገርም፤ ሥራውን ሁሉ ወኪሏ ይሠራል። ለቅሶም ቢሆን፣ ቅሬም ቢሆን ወኪሏ ይሄዳል። የለቅሶው ነገር ሲነሣ የትብለጥ ፊት ጠቆረ፤ ግን ለጥቂት ወራት ነው ተባለች፣ እሺ አለች።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ይመር ቢጨንቀው የሆዱን ተናገረ። ብታሸንፊ አዲስ አበባ መግባትሽ ነው፤ እኔ ከደሴ አልነሳም፤ እዚያ ብሞት ቅሬ የለኝ፣ ማን ይቀብረኛል፣ ሰሌዳ? አላት። ትብለጥ እየቀለደ መስሏት ቀና ብላ አየችው። አልቀለደም። ይመር ግትር ሰው አይደለም፤ በትዳራቸው ዘመን አልሄድም ያለው ይኼን ብቻ ነው። እሷም ስለዚህ ነገር ዳግም አላነሳችበትም።

ቅስቀሳው ተጀመረ። የዕጩዎች ወኪሎች በሰሌዳው በኩል ወደ መራጩ ቤት ይገባሉ። ባለቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ የራሱ ወኪል ይቀበላቸዋል፤ ሁለቱ ወኪሎች ሲጨዋወቱ ቆይተው ይለያያሉ፣ ባለቤቱም ማታ ሲገባ ምን እንደተወያየ ይነገረዋል። የምርጫው ቀን ሲደርስ ውክልና የሰጠ ሰው ወኪሉ ይመርጥለታል። ውክልና ያልሰጠ ሰው ብርቅ ነው። ይመር አልሰጠም፤ እንደ ትብለጥ አስቦበት አይደለም፣ ስለሚረሳ ነው።

እሱም መራጭ ነውና አንድ ቀን ከሰዓት ሳሎን ተቀምጦ ሳለ ሰሌዳው በራ፤ የሚስቱ ወኪል ልትቀሰቅሰው መጣች። ትብለጥ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሰሌዳው ላይ ያለችውም ትብለጥ ናት፤ ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ጠርዙ ብቻ የተሞረደ። ጉልበቱን እንዴት እንዳደረገው ጠየቀችው። ወጣት ሳለ አውቶቡስ ላይ ያየውን ሁሉ እንዲያወራላት ለመነችው፤ ሲያወራ አላቋረጠችውም። ይመር ወሬውን እስከ ጫፍ ያደረሰበት ቀን ትዝ አይለውም። ሲጨርስ በትሕትና ድምፁን እንዲሰጣት ጠይቃው ደህና ዋል ብላው ጠፋች።

"ምን አለችህ?" አለች ትብለጥ ከጓዳ።

"ምረጠኝ አለችኝ።"

"እና?"

"አስብበታለሁ አልኳት።"

ከጓዳ የቢላዋው ድምፅ ለአፍታ ቆመና እንደገና ቀጠለ። ይመር ለብቻው ሳቀ። ያቺ ሴት ደስ ትላለች። አገር ቢወዳት አይፈረድበትም። ግን ጉልበትህ እንዴት ነው አለችው እንጂ፣ መድኃኒቱን ትናንት እንዳልዋጠ ከፊቱ አላወቀችም። እውነተኛይቱ ትብለጥ ጧት ገና ከአልጋ ሲወርድ አይታው ክኒኑን አፉ ውስጥ ከትታበት ነበር።

ወኪሏ በየቤቱ ስትዞር ትብለጥ ቤት ተቀመጠች። በመስኮት የምታየውን ሁሉ መናገር የለመደች ሴት መስኮቱን መጋረጃ ጋረደችበት። ሄርሜላ በየሳምንቱ ቁጥሩን ትልካለች፤ ጅማ ወጥቷል፣ ጅጅጋ ወጥቷል፣ ሐዋሳ በእጅ ገብቷል። ደሴ ብቻ አልተነቃነቀም። ትብለጥ ቁጥሩን ስትሰማ ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ የራሷ ሰፈር የቱ ጋ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁሌም ታች ነው። አገር ሙሉ ቢያጨበጭብላት፣ ጎረቤቷ ሻሼ ብቻ ፊቷን እንዳታዞርባት የምትፈልግ ሴት ናት።

ከዚያ እሜት ዘምዘም ሞቱ። የቀበሌውን ምርጫ ያሸነፈው የእንድሪስ እናት ናቸው። ጧት ጡሩምባው ሲነፋ ትብለጥ ነጠላዋን አንስታ በሩ ጋ ደረሰች፤ እዚያው ቆመች። ሰሌዳው ላይ የሄርሜላ መልእክት መጣ፤ ወኪልዎ ለቅሶው ላይ ተገኝታለች፣ እርስዎ ይረፉ ይላል። ትብለጥ ነጠላዋን እንደለበሰች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይመር ብቻውን ወጣ።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ በየወንበሩ ላይ አንዳንድ ሰሌዳ ቆሟል፣ በየሰሌዳው የሰፈር ሰው ፊት ያለቅሳል። ለቅሶው ያምር ነበር፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይቀበላል። በአካል የመጡት እንድሪስ፣ የእህቱ ልጅ፣ ሼሁና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት ወንበር ላይ የትብለጥ ወኪል ተቀምጣ "ሐዘንህ ሐዘኔ ነው" ትላለች፤ እንድሪስ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ያንኑ ትደግማለች። እንድሪስ ሰሌዳዋን አየ፣ ይመርን አየ።

"እሷም?" አለው።

መቃብሩ ያለው ከሰፈሩ በላይ ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው፤ መንገዱ ደረጃ ስለሆነ ተሽከርካሪ አይወጣውም፤ ጀናዛው በትከሻ ነው የሚሄደው። እንድሪስና የእህቱ ልጅ ብቻቸውን አይችሉትም፤ ሁለት ሽማግሌና ጉልበት የሌለው ሾፌር ያን ዳገት አይወጡትም። ድንኳን ሙሉ ሰሌዳ ደግሞ ቃሬዛ አይሸከምም። ይመር ከዘራውን ላምጣ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ።

ትብለጥ እንደተቀመጠች አገኛት። ለሸክም የሚሆን ሰው መጥቷል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይመር ቆመ። እውነቱን ከተናገረ ትወጣለች፤ ከወጣች አፏን አትይዝም፤ አፏን ካልያዘች ጅማም ጅጅጋም ያበቃል፤ እሷም ከእሱ ጋር ትቀራለች። እሱ በልቡ የሚመኘው ይኸንኑ ነው። ለዚህ ነው እውነቱን መናገር ያሳፈረው። "ይበቃል፤ ብዙ ሰው አለ" አላት።

"ዓይንህን አሳየኝ" አለችው።

አላሳያትም። ትብለጥ ተነሣች፣ በሩን ከፈተችና ወጣች።

መጀመሪያ የሻሼን በር መታች፤ ሻሼ ከነባሏ ወጣች። ከዚያ የወፍጮ ቤቱን፣ ከዚያ የመምህሩን፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች በር የተባለውን ሁሉ። የሰፈሩ ሰው ድምፅዋን በአካል ከሰማ ወራት ሆኖታል። የመምህሩ በር ላይ የተናገረችውን፣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ሁሉ ዓይናቸውን ወደ መንገድ አዙረው አዩት፤ ሰሙት፤ ቀዱት።

"ወኪልህ ድንኳን ውስጥ እየተንሰቀሰቀ አንተ እዚህ እንቁላል ትጠብሳለህ? ይችን ሴትዮ አፈር የሚያለብሳት ሰሌዳ ነው? አውልቅ ያንን ፒጃማ። ወይም አታውልቅ፣ እንደሱው ና!"

መምህሩ እንደሱው መጣ። ሌሎችም መጡ፤ አንዱ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ አፉን እየጠረገ። ጀናዛው ያን ዳገት ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ወጣ። ይመር ከኋላ በከዘራው እየተሳበ ሲከተል፣ ከታች ድንኳኑ በር ላይ ወገቧን ይዛ የቆመች ሚስቱን ዞሮ አያት። የዚያን ጊዜ የወደዳትን ያህል በሠርጉ ቀን እንኳ መውደዱን ይጠራጠራል።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ሰሌዳዎቹ ተሰብስበው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ትብለጥ እንድሪስ ዘንድ ሄዳ ስለላከችው ወኪል ይቅርታ ጠየቀችው። ጠልታችሁኝ ይሆናል፣ ግን ለቅሶ ለቅሶ ነው፣ መቅረት አልነበረብኝም አለችው። እንድሪስ እንባው ሳይደርቅ ደነገጠ።

"ማን ነው የጠላዎት?" አላት። "እትዬ ትብለጥ፣ እኔን ሰው ወዶኝ የመረጠኝ መሰለዎት? ቢያሸንፉ ቅሬውን ሊያስረክቡ ነው። ታዲያ ማን በር ይመታል? ሰዉ ቤት ለቤት ተማክሮ ነው። እንድሪስ ለቅሬ አይሆንም፣ ለቀበሌ ይበቃል ተባልኩ። እናቴ ራሷ እኔን የመረጠችው ከትብለጥ ሌላ ቀባሪ የለኝም ብላ ነው።"

እንድሪስ የጀመረውን ጨርሶ ሲናገር ይመር ያን ቀን መጀመሪያ ሰማው። ትብለጥ ዞራ ሰዉን አየች። ሻሼ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ መምህሩ ፒጃማውን ይጎትታል። ትብለጥ ሳቋ መጣ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠና እሜት ዘምዘምን ከሁሉም በላይ አለቀሰችላቸው። ይመር ደግሞ ስለ ሄርሜላ ቁጥሮች አሰበ። ቁጥሮቹ አልዋሹም። ቅርብ ያለው ሰው አልመረጣትም። ለምን የሚለውን ግን ያ ሁሉ ስሌት ደሴ ወርዶ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ያገኘው ነበር።

በሳምንቱ ሄርሜላ እንደገና በአካሏ መጣች። "ያንን ፒጃማ" የሚለው ድምፅ ከሞያሌ እስከ መተማ ተሰምቷል። አገሩ ደንግጧል፤ ያቺ ለስላሳ ሴትዮ እንዲህ ትጮሃለች ወይ እያለ ነው። ሄርሜላ መላ ይዛ ነው የመጣችው። ቅጂው የሐሰት ነው፣ በር ስትመታ የታየችው ሴት እርስዎ አይደሉም እንበል አለች፤ ሰው ያምናል፣ ከእርስዎ ይልቅ ወኪልዎን ያውቃልና። ይህን ስትል ክፋት አልነበረባትም፤ ዣንጥላ ረስተዋል እንደማለት አድርጋ ነው የተናገረችው።

ትብለጥ ልጅቷን ምሳ አበላቻት፤ ከስተሻል አለቻት። ከዚያ ውክልናዋን ማንሳቷን ሰሌዳው ፊት ቆማ በራሷ ቃል አስመዘገበች። ፓርቲው አልተጣላትም። የለዘበው አመልና ድምፅ የደከመበት ሥራው ስለሆነ ወስዶ ናርዶስ በምትባል ሌላ ዕጩ ፊት ላይ አደረገው፣ ቅስቀሳውንም ከቆመበት ቀጠለ። አገሩ ለውጡን ልብ ያለው አይመስልም።

ትብለጥ ግን ዕጩነቷን አላነሣችም። በግል እወዳደራለሁ አለች። ይመር እንደምትሸነፍ እያወቀች ለምን እንደምትደክም ጠየቃት።

"በገዛ አፌ ሰው ለምኜ አላውቅም" አለችው። "ለቀበሌውም ይገባኛል ብዬ ቤቴ ቁጭ አልኩ እንጂ ምረጡኝ አላልኩም። አንዴ ልለምናቸውና እምቢ ይበሉኝ።"

በአውቶቡስ ሄዱ፤ ይመርም አብሯት ሄደ። ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ። ትብለጥ ገበያ መሐል ቆማ ስሟን ትናገራለች፤ ሰው ዕጩ በአካል አይቶ ስለማያውቅ ይሰበሰባል። ልጆች ጣታቸውን ሰድደው ቀሚሷን ይነካሉ። አንዲት ሴትዮ ወልዲያ ላይ ተቆጣቻት፤ የልጄን ስም ባለፈው ነግሬሽ ነበር፣ እንዴት ረሳሽው አለቻት። ትብለጥ ያቺ እኔ አልነበርኩም ብላ ብታስረዳት ሴትዮዋ ቅር አላት፤ ያችኛይቱ ትሻላለች ብላ ሄደች። ትብለጥ ከኋላዋ ጠርታ የልጁን ስም ጠየቀች። ጀማል ነው። መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ጀማል እያለች ስትደግም ይመር ሰማት።

የምርጫው ቀን በአገሩ ሁሉ ጸጥታ ነበር፤ ወኪሎች ሲመርጡ ድምፅ የላቸውም። ሰልፍ የታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የትብለጥ ሰፈር ሰው በወኪል አንታመንም ብሎ ውክልናውን አንሥቶ፣ ሽማግሌው በከዘራ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ በአካል ወጣ። ትብለጥ ስታልፍ ሰልፉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ሻሼ ቦታዋን ለቀቀችላት። እንዲህ አክብረዋት አያውቁም። ከዚያ አንድ በአንድ እየገቡ ሌላ ሰው መረጡ። ይመርም ገባ። ከሌላው ትንሽ ዘግየት ብሎ ወጣ፤ ከዘራውን ረስቶ ተመልሶ ገባና ይዞት ወጣ።

ናርዶስ አሸነፈች። የቀበሌው ምርጫ አስፈጻሚ የሰፈሩን ውጤት ቅሬው በሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ቆሞ ከሰዓት በኋላ አነበበ። ሰዉ በሙሉ ነበር፤ ትብለጥም ከፊት ተቀምጣለች። ለትብለጥ አራጋው፣ አንድ ድምፅ፣ አለ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘና ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አንድ ማን ነው? ማን ነው እንድትሄድብን የፈለገ? መምህሩ ራሷን መርጣ ይሆናል ብሎ ነገሩን ሊያበርደው ሞከረ። ትብለጥ ተቆጣች፤ ራሴን ልምረጥ? ነውር አላውቅም? እኔ የመረጥኩት ያንን የሐዋሳውን ሽማግሌ ዕጩ ነው አለች። ይህን ብላ ከመጨረሷ የተናገረችው ነገር ገባት። ሰዉም ገባው። ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ዋርካው ሥር ወደተቀመጠው ወደ ይመር ዞረ።

ሻሼ ናት ቀድማ የተነሣችው። እውነት ከፍቷት ነበር።

"ምን በደልንህ ይመር? አንተ እንኳ አልሄድም ብለሃል አሉ። እሷ ሄዳ አንተ ብቻህን ልትቀር?"

ይመር ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሰው ፊት መናገር አይወድም።

"ፈልጋ ነበራ" አለ።

ቅሬው እንደ ልማዱ ዳኛዋ ቅጣት እንድትጥልበት ጠበቀ። ትብለጥ አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋች፤ ሰፈሩ ትብለጥን ቃል ሲያጥራት አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ "ቤት እንነጋገራለን" ስትል ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

ቤት እስኪደርሱ ክንዱን ይዛ ነበር። ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም፤ ይመር እንዳትለቀው ብሎ ጉልበቱ ከወትሮው የበለጠ እንዳመመው አስመሰለ። በየቤቱ መስኮት አዲሷ ፕሬዝዳንት ሕዝቡን ታመሰግናለች። ፊቱ የሌላ ሴት ነው፤ ድምፁ የትብለጥ ነው፣ የለዘበው። ትብለጥ በራቸው ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠች።

"ደስ ትላለች" አለች። "እንዲህ ባወራህ ይሻልህ ነበር?"

"እኔ የመረጥኩት አንቺን ነው" አላት።

ትብለጥ በሩን ከፈተች። "ጫማህን ጠርገህ ግባ" አለችው፤ እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር።